ድርጭቷ፣ በቅሎውና "ባህላዊ" የሚሉት ነገር

እኔ የምለው… ይሄ "ባህላዊ" የሚባል ቃል እንደ በርበሬ በሁሉም ነገር ላይ መነስነስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ባህላዊ ምግብ፣ ባህላዊ ጭፈራ፣ ባህላዊ አልባሳት… እሺ፣ ይሁን። ሰሞኑን ደግሞ እዚህ አትላንታ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት የሚያብረቀርቅ ወረቀት "ባህላዊ የደቡብ ድርጭት አደን፣ በታሪካዊ ፕላንቴሽን" ይላል። በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ አለ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አሉ፤ ሁለት ውሾች አፍንጫቸውን ወደ ሣሩ ቀስረው እንደ ሐውልት ቆመዋል። ጋሪው ላይ ልጓም የያዘ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ተቀምጧል። ከፎቶው ሥር የውሾቹ ስም ከነዝርያቸው ተጽፏል። የሽማግሌው ስም የለም።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ከአደን ጋር ጠብ የለኝም። ለዓመት በዓል በግ እየጎተትኩ፣ ቅርጫ ሲታረድ ከበሬው ጎን ቆሜ ያደግሁ ሰው፣ ድርጭት ሞተች ብዬ ነጠላ አላዘቀዝቅም። ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። ባህል ባለቤት አለው። "የማን?" ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚያሰኝ ከሆነ፣ እሱ ባህል ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። (በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኋላ "ሰባት ዓመት ቀነስክ" ብላችሁ እንዳንጣላ።)

መጀመሪያ ስለ ወፏ። ድርጭት ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የምትለን በኦሪቱ፣ እስራኤላውያን በምድረ በዳ "ሥጋ አማረን" ብለው ሲያጉረመርሙ ከባሕር በኩል በነፋስ ተነድታ የወረደችላቸው ናት። ይቺኛዋ የቅርብ ዘመዷ አይደለችም፤ ስሟን ብቻ ነው የተጋራችው። ፈረንጆቹ "ቦብዋይት" ይሏታል፤ ወንዱ ጸደይ ሲገባ አጥር ላይ ወጥቶ "ቦብ… ዋይት!" እያለ ስለሚጣራ ነው። ክብደቷ 200 ግራም አይሞላም። አገር አታቋርጥም፤ የተፈለፈለችበት አካባቢ ኖራ እዚያው ትሞታለች። ብርድ ሲገባ ከ10 እስከ 15 ሆነው በመንጋ ይኖራሉ። ማታ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ይተኛሉ፤ ጠላት ሲመጣ ሁሉም ፊቱ ወዳለበት አቅጣጫ ፍርር ይላል። ዘበኛ መቅጠር የለ፣ ተራ መግባት የለ። የእኛ ሰፈር የጥበቃ ኮሚቴ ይሄን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ባለፈው የብርድ ወቅት እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ደንበኞቹን ሲጋብዝ "አንተም ና" ተባልኩ፤ ሄድኩ። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። ማረፊያው ትልቅ ነጭ ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ ዓምዶች የተገተሩለት፣ መግቢያው ግራና ቀኝ ሽማግሌ የዋርካ ግርማ ያላቸው ዛፎች የተሰለፉለት። ቁርስ ቀረበ፤ ከበቆሎ የተሠራ ገንፎ መሰል ነገር፣ ትኩስ ብስኩት፣ መረቅ። ከዚያ ወደ ጫካው።

አደኑን ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጋሪውን ሁለት በቅሎዎች ይጎትቱታል። ከመቀመጫው ሥር የውሾች ሳጥን አለ። ከፊት አንድ ወይ ሁለት ፈረሰኞች ይሄዳሉ፤ ውሾቹን የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሁለት ውሾች ተለቀው በሣሩ መሐል ግራና ቀኝ እየተመላለሱ ያሸታሉ። አንዱ ሽታ ሲያገኝ ድርቅ ይላል፤ አንድ እግሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። የሚገርመው ሁለተኛው ውሻ ነው፤ እሱ ምንም ሳይሸተው፣ የጓደኛውን መቆም ብቻ አይቶ ባለበት ይቆማል። ፈረሰኛው ባርኔጣውን ያነሳል። ሁለት አዳኞች ብቻ ከጋሪው ወርደው፣ ጠመንጃ አጉርሰው፣ ቀስ ብለው ይጠጋሉ። ከዚያ… ድንገት መሬቱ ከእግራችሁ ሥር የፈነዳ ይመስላል። መንጋው በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ የክንፉ ድምፅ ልብ ያቆማል። ሁለት ሰከንድ፣ ግፋ ቢል ሦስት። ያለው ጊዜ ያ ብቻ ነው። የተመታውን ደግሞ ጋሪው ላይ እንደ ሚኒስትር ተቀምጦ የመጣ ሌላ ውሻ ሮጦ ያመጣዋል።

ዝቅ ብላ የበረረች ወፍ አይተኮስባትም፤ ውሻ ወይም ሰው ይመታላ። ቀልድ አይደለም፤ በየካቲት 2006 ቴክሳስ ውስጥ ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ድርጭት ተከትለው ዞረው ሲተኩሱ የ78 ዓመቱን ጠበቃ ሃሪ ዊቲንግተንን ፊታቸውና ደረታቸው ላይ መቷቸው። ጭራሽ በኋላ በአደባባይ አዘኔታ የገለጹት የተመቱት ሰውዬ ናቸው፤ ለቼኒ ቤተሰብ። ጌታና ሎሌ የሚለው ነገር በአሜሪካ የለም ያለው ማን ነበር?

ወደ ጋሪው ልመለስ። በቅሎዎቹን የሚነዱት ሰው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሌሎቹ ወርደው ሲተኩሱ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀረሁ።

"ከየት ነህ አንተ?" አሉኝ።

"ከኢትዮጵያ ነኝ፤ እርስዎስ፣ እዚሁ ነው የተወለዱት?"

በጅራፉ ጫፍ ወደ አንድ ሜዳ ጠቆሙኝ። ቤቱ እዚያ ነበር አሉ፤ አሁን የለም። አባታቸው ይሄንኑ ጋሪ ይነዱ ነበር። አያታቸው ደግሞ ሜዳውን ያርሱ ነበር።

"መሬቱ የእሳቸው ነበር?"

ሰውዬው ሳቁ። "በቅሎውም የእሱ አልነበረ" አሉኝ።

እንግዲህ የእኛ ሰው ይሄን መልስ ለመረዳት ትርጁማን አያስፈልገውም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1865 ባርነት በሕግ ሲቀር፣ ነፃ የወጣው ሕዝብ ነፃነት እንጂ መሬት አልተሰጠውም። በዚያው ዓመት ጥር ወር ጄኔራል ሸርማን ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ባለው የባሕር ዳርቻ ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር ይሰጥ የሚል ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። አርባ ኤከር ማለት በእኛ ልኬት የጋሻ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እሷንም ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን ሻሩትና መሬቱ ለቀድሞ ጌቶች ተመለሰ። ሕዝቡ የት ይሂድ? በዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። በቅሎ፣ ማረሻና ዘር ባለመሬቱ ካቀረበለት ምርቱን እኩል ይካፈላል። በቅሎው የራሱ ከሆነ ደግሞ ብዙ ቦታ ከበቆሎው ሲሶ፣ ከጥጡ እርቦ ይገብራል። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ! ከጎጃም ማዶ ያለ አገር መሰላችሁ አይደል? እኛ እኮ "መሬት ላራሹ" ብለን በ1965 አደባባይ የወጣን፣ በ1975 ደግሞ በአዋጅ ያየነው ሕዝብ ነን። አዋጁ ያመጣው ሁሉ ደግ ነበር አልልም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። "ጭሰኛ" የሚለውን ቃል ግን ማንም አያስረዳንም።

አሁን ወደ ድርጭቷ። ይሄ ሁሉ ከወፍ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦብዋይት ድፍን ጫካ አትወድም፤ ሰፊ የትራክተር እርሻም አትወድም። የምትወደው ቁራጭ ማሳ ነው፤ ጥግ ጥጉን አረም የያዘ፣ አጠገቡ ቁጥቋጦ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ሣሩ በየዓመቱ የሚቃጠል የጥድ ዱር። ይሄ ማለት በትክክል የጭሰኛው ማሳ ነው። በጭሰኝነቱ ዘመን ደቡብ ጆርጂያ በድርጭት የተሞላው ባለመሬቱ ወፍ ስላረባ አይደለም፤ በበቅሎ የሚያርስ፣ በመጥረጊያ የሚመነጥር፣ ጸደይ ሲመጣ ሣሩን የሚለኩስ ድሃ ሕዝብ ስለነበረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማሽን መጣ፤ ጭሰኛው ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ ጎጆዎቹ ፈረሱ። ወፏም አብራ ጠፋች። ከ1960ዎቹ ወዲህ በመላ አሜሪካ ቁጥሯ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ታዲያላችሁ ዛሬ ፕላንቴሽኖቹ ምን ያደርጋሉ? በጥዱ መሐል ቁራጭ ቁራጭ ማሳ ያርሱላታል። ጭሰኛው ሄዷል፤ ማሳው ግን ለወፏ ሲባል እንደገና ይዘራል! በዚህ ላይ በትራክተር ማሽላ ይበተንላታል።

እሱም ለሚችለው ነው። ብዙዎቹ ለእንግዳ ክፍት የሆኑ ማረፊያዎች የዱር ድርጭት ለሁሉም አይበቃቸውም። ስለዚህ በጎጆ የተፈለፈለች፣ እንደ ዶሮ ተቀልባ ያደገች ወፍ ገዝተው ጫካው ውስጥ ይለቃሉ፤ አንዳንዴ በወቅቱ መጀመሪያ፣ አንዳንዴም በዚያው ጠዋት። ስለዚህም በጆርጂያ የዱር ድርጭት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ብቻ ሲታደን፣ የተለቀቀችዋ በነዚህ ቦታዎች ከኦክቶበር እስከ ማርች ትታደናለች። እኔ ባየሁት ላይ ከመንጋው አንዷ ሰው ሲቀርባት መብረሩን ትታ በእግሯ ወደ ውሻው ሄደች። ሰው ለምዳለቻ! ጠዋት ጥሬ የሰጣት ሰው መስሏት ይሆናል። ሁላችንም ሌላ ቦታ የምናይ መሰልን። "ባህላዊ አደን" ማለት እንግዲህ ከፊሉ ይሄ ነው።

እነዚህ ቦታዎች እንዴት የአደን ቦታ ሆኑ የሚለው ታሪክ ደግሞ የጥጥ ጌቶች ታሪክ እንኳን አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የከሰሩ እርሻዎችን የገዙት ባርነትን ያሸነፈው የሰሜኑ ወገን ባለፀጎች ናቸው። ቶማስቪል የምትባለዋ ከተማ የጥዱ አየር ለሳንባ ይበጃል ተብሎ የሰሜን ሀብታም በባቡር እየመጣ ብርዱን የሚያሳልፍባት ነበረች። ፔብል ሂልን በ1896 የገዛው የክሊቭላንዱ ሃዋርድ ሜልቪል ሃና ነው። የኮካ ኮላው አለቃ ሮበርት ዉድረፍ በ1929 በቤከር ካውንቲ ኢቻዌይን ገዛ፤ ቦታው ተስፋፍቶ ወደ 29,000 ኤከር ደረሰ፤ በእኛ 290 ጋሻ ገደማ። ለምን? ለድርጭት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 ሁለተኛ ጊዜ ልወዳደር አልወዳደር እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ቶማስቪል በገንዘብ ሚኒስትራቸው በጆርጅ ሃምፍሪ ፕላንቴሽን ድርጭት ሲያድኑ ነበር። እናም "የጥንት የደቡብ ባህል" እየተባለ የሚሸጠው የፈረስ፣ የበቅሎ ጋሪና የነጭ ዓምድ ትዕይንት በአብዛኛው የክሊቭላንድና የኒውዮርክ ገንዘብ ያለበሰው ልብስ ነው። የባርነቱን ዘመን ድባብ ፈልገው ገዙት፤ ልጓሙንም ጅራፉንም ለጥቁር ሰው አስያዙት፤ "ትራዲሽን" አሉት።

ጥቁሩ ሕዝብ የራሱ የአደን ባህል አልነበረውም? ነበረው እንጂ! በባርነት ዘመን ከሚሰጠው የበቆሎ ዱቄትና የአሳማ ጮማ ውጭ ልጆቹ አፍ ላይ ሥጋ የሚገባው አባት ማታ ወጥቶ በወጥመድም በውሻም ሲያድን ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላም አደንና ዓሣ ማጥመድ ለብዙው ሰው ከባለመሬቱ ደጅ መጥናትን የሚቀንስለት መተንፈሻ ሆነ። ስኮት ጊልትነር የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያሳየው ይሄንን ነው፤ ነጮቹ ባለመሬቶች ያ መተንፈሻ አስጨነቃቸው። አድኖ የሚበላ ሰው በርካሽ አያርስማ! ስለዚህ የሰው መሬት መርገጥ ወንጀል፣ ወጥመድ ነውር፣ ለሆድ ማደን ብልግና፣ ለመዝናናት ማደን ደግሞ ጨዋነት ተባለ። ያው ሰው ትናንት ለልጆቹ ያድን የነበረበት ጫካ ዛሬ ለጌቶች ውሻ ያዥ ሆኖ ሲገባ ሕጋዊ ሆነ።

እዚህ ላይ ለባለንብረቶቹ የሚገባቸውን ልስጥ። እነዚህ ሰዎች ለድርጭት ሲሉ ያልቆረጡት ጫካ ዛሬ ብርቅ ነው። ረጅም ቅጠሉ የደቡብ ጥድ አንድ ጊዜ ወደ 90 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍን ነበር ይባላል፤ የቀረው ጥቂት በመቶ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምርጥ ምርጡ የተረፈው በቶማስቪልና በታላሃሲ መሐል ባሉት ፕላንቴሽኖች ነው። የመንግሥት ደን ሰዎች "እሳት ጠላት ነው" ብለው አገር ምድሩን ሲሰብኩ፣ ኸርበርት ስቶዳርድ የተባለ ተመራማሪ ለነዚሁ ባለፀጎች የድርጭት ጥናት ሲሠራ ቆይቶ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጫካው በየጊዜው ካልተቃጠለ ወፏ አትኖርም ብሎ ተከራከረ። የእሳቱን ምዕራፍ ደጋግመው አስከልሰውታል። በኋላ እሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። በ1958 የተቋቋመው ቶል ቲምበርስ የሚባለው የምርምር ጣቢያም እስከ ዛሬ የእሳትን ጥቅም የሚያስተምር ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እሳቱን ማን ያውቀው ነበር? በመጀመሪያ ከአገሩ የተነቀሉት ነባር ሕዝቦች። ቀጥሎ ጫካውን በየዓመቱ ሲለኩስ የኖረው የአካባቢው ድሃ፣ ጥቁሩም ነጩም። ስቶዳርድ ራሱ በልጅነቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ከከብት አርቢዎች ጋር ሲያድግ ያየው ነው። ዕውቀቱ "ሳይንስ" የሚል ማዕረግ ያገኘው ባለፀጋ ከከፈለበት በኋላ ነው። ይሄም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የገበሬያችንን ጤፍ ሆላንድ ሄዶ የባለቤትነት ወረቀት ይዞ ሲመጣ አይተናል።

አሁን እኔን ያናደደኝን ልናገር፤ ይሄ ሁሉ የመጣው ለእሱ ነው። ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ባልደረባዬ የአገሬ ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ፣ ሠራተኛ። ባለፈው ዓመት ሄዶ፣ በጋሪው ፊት ጠመንጃ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ለአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ ልኮታል። "ቦታው ምን እንደነበር ታውቃለህ?" ስለው፣ "ኧረ ተወኝ፣ ያ የነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም" አለኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ አይደለም የሚላት። በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ ሰምቻታለሁ፤ አገጭ ቀና ተደርጎ ነው የምትባለው።

በመጀመሪያ ነገር ውሸት ናት። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ሙሉ ለሙሉ የተከለከለው ነሐሴ 1942 ነው። በአባትና በአያት ዕድሜ ማለት ነው። "እኛ" ስንል ማንን ማለታችን ነው? ጌቶቹን ብቻ?

ሁለተኛ፣ ያ "የነሱ ታሪክ" የሚሉት ነገር ባይኖር ባልደረባዬ እዚህ አይኖርም ነበር። የድርጭት አዳኞች መናኸሪያ የሆነችው፣ ራሷን "የዓለም የድርጭት ዋና ከተማ" የምትለው አልባኒ፣ በ1961 እና በ1962 የአልባኒ ንቅናቄ የተካሄደባት ከተማ ናት። ማርቲን ሉተር ኪንግ በዲሴምበር 1961 እዚያ ታሰሩ፤ በ1962 ደግሞ እንደገና። ተማሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሽማግሌው በመቶዎች እየተዘመረ እስር ቤት ገባ። ንቅናቄው ያኔ ተሸነፈ ተባለ፤ ግን እንዲህ ካለው ትግል ነው የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የመጣው፤ በዓመቱ ደግሞ ለአፍሪካና ለእስያ ሰው በሩን ጠርቅሞ ይዞ የነበረውን የኮታ ሥርዓት ያነሳው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ተከተለ። ክላርክስተን ውስጥ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ የተከፈተው በዚያ በር በገባ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ እነሱ "ያ የነሱ ታሪክ ነው" አላሉንም። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ለዘመቻው ሥልጠና የሚሰለፍ፣ ሳንቲም የሚያዋጣ ጥቁር አሜሪካዊ ምን ያህል እንደነበር እናውቃለን። የኢትዮጵያን አየር ኃይል በዚያ ጦርነት ያዘዘው ጆን ሮቢንሰን የተወለደው ካራቤል፣ ፍሎሪዳ ነው፤ ከነዚሁ የድርጭት ፕላንቴሽኖች በስተደቡብ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ባልሞላ መንገድ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ሞተ፤ አዲስ አበባ ተቀበረ። ለዚህ ሰው ውለታ የምንመልሰው የመንደሩ ሰዎች በተገፉበት ጫካ ፎቶ ተነስተን "ባህላዊ" እያልን ነው?

"አሁን ያለፈ ነገር ነው" የሚልም ይኖራል። ኢቻዌይ ባለችበት በዚያው በቤከር ካውንቲ በመጋቢት 1965 ሆሴ ሚለር የተባለ ጥቁር ገበሬ በከብት ጉዳይ ተጣልቶ በነጭ ጎረቤቱ ተተኩሶበት ሞተ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ክስ እንኳ አልመሠረተም። ያኔ የ17 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጁ ሸርሊ ከአገር አልወጣም አለች። በኋላ ከአልባኒው ታጋይ ከቻርልስ ሸሮድ ጋር ተጋብታ፣ በ1969 ከሌሎች ጋር ሆነው ሊ ካውንቲ ውስጥ ወደ 5,700 ኤከር መሬት በጋራ ገዙ። ያኔ በአገሪቱ በጥቁር ሕዝብ እጅ ካሉት ትልልቅ ይዞታዎች አንዱ ነበር። ድርቅ መጣ፤ ለነጭ ገበሬ በቶሎ የሚሰጠው የመንግሥት ብድር ለእነሱ ዘገየ፤ በ1985 መሬቱን አጡ። ተከራክረው፣ መሬቱን ባጡ በሃያ አራት ዓመቱ፣ በ2009 መድልዎ ተፈጽሞባችኋል ተብሎ ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። በገንዘቡ በ2011 ምን ገዙ መሰላችሁ? በአልባኒ አጠገብ 1,638 ኤከር ያለው የድሮ ፕላንቴሽን፤ በአንድ ወቅት በጆርጂያ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ጌቶች የአንዱ የነበረ። ነጩ ቤት እስካሁን አለ። ዛሬ እዚያ ፒካን ይለቀማል፤ ገበሬ ይሠለጥናል፤ ሰው ይሰበሰባል። ስሙንም ቀይረው "ሪሶራ" አሉት። ያለፈ ነገር ይባላል እንዴ ይሄ?

ስም መቀየር ቀላል ነው የሚል ደግሞ አይጠፋም። በ2019 መጨረሻ ፒንተረስትና የሠርግ ድረ ገጾች የፕላንቴሽን ሠርግን ማስጌጥ እናቆማለን አሉ። በ2020 የሮድ አይላንድ ሕዝብ በድምፁ "ፕላንቴሽንስ" የሚለውን ከግዛቱ ስም ፋቀ። እኔ ስም በመፋቅ ብቻ አላምንም። እንዲያውም ስሙ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ግን ተሟልቶ ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ "ከ1830ዎቹ ጀምሮ" ብለው ዕድሜውን እንደ ወይን ጠጅ ሲኮሩበት፣ በ1830ዎቹ ማን ነበር የሚሠራው? ስንት ነበሩ? የት ነው የተቀበሩት? ብዙዎቹ ቦታዎች መቃብሩ እዚያው ጥዱ መሐል ነው፤ ድንጋይ እንኳ የሌለው።

ውሻ አሠልጣኞቹና ጋሪ ነጂዎቹስ በሥራቸው ይኮሩ የለም ወይ? ይኮራሉ፤ መኩራትም ይገባቸዋል። ያንን ውሻ በፉጨት ብቻ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ማዞር፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ መንጋው የት እንደሚያድር ማወቅ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነው። እኔ ያየሁት ቀን ከጠመንጃ ያዦቹ አብዛኞቹ ድርጭትና ቆቅ አይለዩም ነበር፤ ሙሉ አደኑን ያደኑት እሳቸውና ፈረሰኛው ናቸው። ባህል ካለ ባህሉ እሱ ነው፤ በገንዘብ የገባው እንግዳ ተመልካች ነው። ማስታወቂያው ግን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ተመልካቹ "ባህላዊ አዳኝ"፣ ባለሙያው ጌጥ።

ባልደረባዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ "ታዲያ አለቃ ሲጋብዝ እንዴት እምቢ ይባላል?" አለኝ። እሱ እውነት ነው። ስደተኛ ነን፤ ዕድገትም የሚወሰነው አንዳንዴ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ጋሪ ላይ ነው። አትሂድ አላልኩትም። ስትሄድ ግን በአልባኒ በኩል እለፍ አልኩት። የድሮው ማውንት ዛየን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ያኔ ሕዝቡ እየዘመረ ያመሽበት የነበረው፣ አሁን የዜጎች መብት ሙዚየም ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል። ማረፊያው ስትደርስ ደግሞ እራት ላይ ያ ሁሉ ሰው እሳት ዳር ቦርበን ይዞ ስለ ተኩሱ ሲያወራ፣ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠይቅ፤ በትህትና ነው የምትጠይቀው፣ ያዩሃል እንጂ አይገድሉህም። የአስጎብኚዎቹ ጉርሻ በክፍያው ውስጥ አይካተትም፤ ድርጅትህ ከፍሏል ብለህ እንዳትዘናጋ። ጥሬ ገንዘብ ይዘህ ሂድ።